ፀሐይ በነጻ፣ ባትሪ በብር



በዚህ ጊዜ በብዙ ቤት የሚሰማ አንድ ጥያቄ አለ። "ግድቡ ተመርቋል፤ ታዲያ የመብራት ሂሳብ ለምን ይጨምራል?" የሚል ነው። ጥያቄው ገና መልስ ሳያገኝ ሁለተኛው ይከተላል፤ "ለምን ሶላር አናስገባም?" ይህ ወሬ ወደ ቤተ ክርስቲያንም ገብቷል። በሽማግሌዎች ስብሰባ አጀንዳ ሆኗል። ከእሑድ አምልኮ በኋላም በር ላይ ቆመው የፓነል ዋጋ የሚጠያየቁ ወንድሞች አይጠፉም።

"መጋቢ ስለ ወንጌል ይጻፍ እንጂ ስለ አምፖልና ስለ ባትሪ ምን አገባው?" የሚል ይኖር ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ጉዳዩ የቤት ገንዘብ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን መባ ነው፤ የጎረቤት ጉዳይም ነው። በእነዚህ በሦስቱ ላይ ደግሞ ቃሉ ዝም አላለም። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እርሱን ወደ ኋላ እናገራለሁ።

ግድቡና የቤታችን አምፖል

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ሕዝብ ከኪሱ አዋጥቶ የሠራው ነገር ነውና እግዚአብሔርን ብናመሰግን ይገባል። ሆኖም ኃይል ማመንጨትና ኃይልን ቤት ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በጉባ የመነጨው ኃይል ወደ እኛ ቤት እስኪደርስ ድረስ በትልልቅ ተሸካሚ መስመሮች፣ በማከፋፈያ ጣቢያዎች፣ በሰፈር ትራንስፎርመርና በምሰሶ ላይ በተዘረጋ ሽቦ ማለፍ አለበት። ከእነዚህ አንዱ ካረጀ ወይም ከአቅሙ በላይ ከተጫነ፣ ግድቡ ሞልቶ እየፈሰሰ እንኳ እኛ ሻማ እንፈልጋለን።

የዋጋውም ነገር እንዲሁ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ሳይነካ የቆየው ታሪፍ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲሻሻል ተደረገ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት የሚዘልቅ ሌላ ማሻሻያ ተጀምሯል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ከፍ ብሏል፤ ሽቦና ትራንስፎርመርም ከዚያው ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ሂሳቡ ነገ ይቀንሳል ብሎ ቤቱን የሚያቅድ ሰው በተስፋ ብቻ ያቅዳል።

ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። ከአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆነው ከውሃ የሚገኝ ነው። ዝናብ ሲቀር መብራትም ይቀራል። በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ስንጠቀም የነበረበትን ጊዜ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውሃ በመቀነሱ እንደገና ወደ ፈረቃ ተመልሰን ነበር።

እዚህ ላይ የፈጣሪን አሠራር ልብ በሉ። በበጋ የግድቦች ውሃ እየጎደለ ሲሄድ ፀሐይዋ ትበረታለች። በክረምት ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ግድቦቹ ይሞላሉ። ምድር እስካለች ድረስ በጋና ክረምት እንደማይቋረጡ እግዚአብሔር ለኖኅ ተናግሮታል (ዘፍ 8፥22)። ስለዚህ ፀሐይና ውሃ የሚደጋገፉ እንጂ የሚጣሉ አይደሉም። በአብዛኛው የአገራችን ክፍል በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ በቀን 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል የፀሐይ ኃይል ይወርዳል። አገራችንን በ"13 ወር ፀጋ" ለቱሪስት ስናስተዋውቅ ኖረናል። ያንን ፀጋ በቤታችን ጣሪያ ላይ ብንጠቀምበት መልካም ነው። ጥያቄው እንዴት የሚለው ነው።

ምጣዱ ምን ይላል?

ወደ ቤታችን እንግባ። ቆጣሪያችን የሚቆጥረው ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። 1,000 ዋት የሚስብ ዕቃ አንድ ሰዓት ቢሠራ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ቆጠረ ማለት ነው። ሒሳቡ ይኸው ነው፤ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ይሠራዋል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል። አንዲት እናት አንድ ሰዓት ተኩል ብትጋግር ከ5 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ተጠቀመች። በሳምንት ሁለት ጊዜ ከጋገረች በወር 42 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። በታሪፉ ዝቅተኛው እርከን እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ምጣዱ ብቻውን ያንን ሊጨርሰው ምን ቀረው?

አሁን ወደ ሶላሩ እንምጣ። በገበያ የሚገኝ አንድ ባለ 100 ዋት ፓነል ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን፣ በሽቦ፣ በሙቀትና በባትሪ የሚባክነው ተቀንሶ፣ ወደ 350 ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል ብለን እናስብ። ይህ ቀኑን ሙሉ የተሰበሰበ ኃይል ምጣዱን ስንት ጊዜ ያሠራዋል? ስድስት ደቂቃ! በስድስት ደቂቃ ምጣዱ በወጉ አይግልም፤ ማሰሻውን እንኳ አታነሱም።

ያው 350 ዋት ሰዓት ግን ሌላ ሥራ ላይ ቢውል ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። አራት ባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፖሎች ለአምስት ሰዓት ያበራል፤ የቤተሰቡን ስልኮች ይሞላል፤ በዚያ ላይ ባለ 20 ዋት ትንሽ ቴሌቪዥን ለአራት ሰዓት ያሳያል። መብራት በጠፋበት ምሽት ልጆች ያጠናሉ፤ የቤተሰብ ጸሎት ይደረጋል። አንድ ዓይነት ኃይል ነው፤ አንዱ ጋ ምንም አይሆንም፣ ሌላው ጋ ለቤት ይበቃል።

"ሶላር አይሠራም" የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይህን ሳይለዩ የገዙ ናቸው። "ሶላር ሁሉን ይችላል" ብለው የሚሸጡም ይህን ሳይናገሩ የሚሸጡ ናቸው። ሙቀት የሚያወጣ ዕቃ ሁሉ፣ ማለትም ምጣድ፣ ስቶቭ፣ የውሃ ማሞቂያ፣ ካውያ፣ ብዙ ኃይል ይበላል። የሚያበራና የሚያወራ ዕቃ ግን ትንሽ ይበቃዋል።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ስህተት

ወደ ኋላ እናገራለሁ ያልሁት ምክንያት ይህ ነው። እኔ የማገለግልባት ቤተ ክርስቲያን ከከተማ ዳር የምትገኝ ናት። እሑድ እሑድ መብራት ይጠፋ ነበርና በጄኔሬተር እናመልክ ነበር። ነዳጁ ተወደደ፤ ጩኸቱም ጎረቤት አስመረረ። እንግዲህ ሶላር እንግዛ ተባለ። እኔም መድረክ ላይ ቆሜ በእምነት ስጡ አልሁ። ሕዝቡ ሰጠ። እንቁላል ሸጠው ያመጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ እጃቸውን ዘርግተው ሲሰጡ አይቻለሁ።

አራት ፓነልና ባለ 200 አምፔር ሰዓት ሁለት ባትሪ ገዛን። በወረቀት ላይ ሁለቱ ባትሪዎች 4,800 ዋት ሰዓት ይይዛሉ። ሞንታርቦው፣ ሚክሰሩና ኪቦርዱ አንድ ላይ 1,000 ዋት ያህል ይስባሉ። ስለዚህ ወደ አምስት ሰዓት ይሄድልናል ብለን ደስ አለን። ያልጠየቅነው ነገር ግን ነበር። የእርሳስ ባትሪ ረጅም ዕድሜ እንዲኖረው ከያዘው ከግማሽ በታች ባይወርድ ይሻላል። እኛ ግን ዓርብ ለአዳር ጸሎት ሌሊቱን ሙሉ እንጠቀምበት ነበር። ኢንቨርተሩ ሲጮህ የምስጋና መዝሙሩን ድምፅ ከፍ እናደርጋለን። ጥበቃውም ብርዱ ሲጸናበት የሻይ ውሃውን በዚያው ያፈላ ነበር ለካ።

ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ባትሪዎቹ ሞቱ። አንድ ወንድም "እንጸልይበት" አለ፤ ጸለይንም። ባትሪው ግን የጎደለው ጸሎት አልነበረም፤ ስሌት ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ እኚያ እናት በር ላይ አገኙኝና "ፓስተር፣ ያ የገዛነው ፀሐይ ደኅና ነው?" አሉኝ። ምን ልመልስላቸው? የሸጠልንን ሰው ልወቅስ ፈልጌ ነበር። እውነቱ ግን ስንገዛ አለመጠየቃችን ነው። መድረክ ላይ ቆሜ ያሰባሰብሁት ደግሞ እኔ ነኝ። "ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኋቸው። ዝም ብለው ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ሄዱ።

ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስለሚወድ ሰው የተናገረውን ብዙ ጊዜ ሰብኬበታለሁ (ሉቃ 14፥28)። ክፍሉ ስለ ደቀ መዝሙርነት ዋጋ እንጂ ስለ ግንብ ሥራ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ጌታ ምሳሌውን የወሰደው አእምሮ ያለው ሰው ሁሉ ከሚያደርገው ነገር ነው። አስቀድሞ ተቀምጦ መቁጠር የእምነት ማነስ ቢሆን ኖሮ ምሳሌ አድርጎ ባላቀረበልን ነበር። እኛ ግን "በእምነት" የሚለውን ቃል ስሌትን መሸሻ አድርገነዋል። በግብፅ ምድር ዮሴፍ የጥጋብ ዘመን ሲመጣ ከምርቱ አምስተኛውን እጅ አስቀመጠ (ዘፍ 41፥34)። ስንት እንደሚገባ፣ ስንት እንደሚወጣ፣ የችግሩ ዘመን ምን ያህል እንደሚረዝም አስቦ ነው። ባትሪም ጎተራ ነው። ጎተራውን በአንድ ሌሊት የሚጠርግ ሰው ነገ ምን ይበላል?

ታዲያ ከየት እንጀምር?

መጀመሪያ መቀነስ፣ ቀጥሎ መግዛት። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። የምትቆጥቡት እያንዳንዱ ዋት የማትገዙት ፓነልና ባትሪ ነውና።

አምፖል፦ አምስት ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖል በቀን ለአራት ሰዓት ቢበራ በወር 36 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። በባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ ቢተካ 5.4 ብቻ ይሆናል። ከዚህ የቀለለ ቁጠባ የለም።

ምጣድ፦ እናቶቻችን ከእኛ በፊት ያውቁታል። ሁለቴ ከመጋገር አንዴ አብዝቶ መጋገር ይሻላል፤ ምጣዱን እንደ አዲስ ለማጋል የሚወጣው ኃይል ይተርፋልና። የመጨረሻዎቹን አንድ ሁለት እንጀራ ማብሪያውን አጥፍቶ በግለቱ ማውጣት ይቻላል። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ በሚጥድበት ምሽት ከመጋገርም ረፋድ ላይ መጋገር ለትራንስፎርመሩ ዕረፍት፣ ለጎረቤትም ደግነት ነው።

ሳይሠሩ የሚበሉ ዕቃዎች፦ ቀንና ሌሊት ተሰክቶ የሚውል 10 ዋት የሚስብ ሪሲቨር ማንም ሳያየው በወር ከ7 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይቆጥራል። ከሶኬቱ ነቅሎ መተኛት ምን ያስከፍላል?

ከዚህ በኋላ መብራት ሲጠፋ በእርግጥ የሚያስፈልጋችሁን ብቻ በወረቀት ጻፉ፤ የእያንዳንዱን ዋት በሚሠራበት ሰዓት አባዙና ደምሩ። ለክረምቱ ደመና መጠባበቂያ ጨምሩበት። ሻጩን ስለ ፓነሉ ዋት ብቻ ሳይሆን ስለ ባትሪው ጠይቁት። ምን ዓይነት ነው? እስከ ስንት ሊወርድ ይችላል? ዋስትናው በጽሑፍ አለ? ሊቲየም ባትሪ ሲገዙት ይወደዳል፤ ነገር ግን ከያዘው አብዛኛውን ሳይጎዳ ይሰጣል፤ ዕድሜውም ከእርሳሱ ይረዝማል። ርካሹ ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም።

በአሜሪካ ላላችሁ ወገኖችም አንድ ቃል አለኝ። እዚያ ችግሩ የመብራት መጥፋት ሳይሆን በር አንኳኩቶ የሃያና የሃያ አምስት ዓመት ብድር የሚያስፈርም ሻጭ ነው። አንዳንዴ ሻጩ አማርኛ የሚናገር፣ አብሮን የሚዘምር ወንድም ሊሆን ይችላል። የፌዴራል መንግሥት ሶላር ገዝቶ ለሚያስገባ ባለ ቤት ይሰጠው የነበረው የ30 በመቶ የታክስ ክሬዲት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2025 አብቅቷል። ያንን ቅናሽ እየቆጠረ ሒሳብ የሚሠራላችሁ ካለ ወረቀቱን መልሱለት። "ወንድም ነው" ብሎ ሳያነቡ መፈረም ፍቅር አይደለም።

ቆጣሪም ሚዛን ነው

አሁን ወደሚያሳምመው ነገር ልምጣ። በከተሞቻችን አንድ ቆጣሪ ለአምስትና ለስድስት ተከራይ ያገለግላል። አከራዩ ሂሳቡን ያከፋፍላል። አንዳንዱ ከተከራዮቹ የሚሰበስበው ከጠቅላላ ሂሳቡ ይበልጣል፤ የራሱ ቤት በነጻ ይበራል። አንዳንዱ ተከራይዋ እንጀራ እንዳትጋግር ይከለክላል፤ በእርሱ ቤት ግን ምጣዱ አያርፍም። ከእነዚህ አከራዮች መካከል እሑድ የፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡ የሉም?

እግዚአብሔር እስራኤልን ስለ መስፈሪያና ስለ ሚዛን በጥብቅ አዝዟል (ዘሌ 19፥35-36)። አባይ ሚዛን በፊቱ አስጸያፊ እንደሆነም ተጽፏል (ምሳ 11፥1)። በዚያ ዘመን ሚዛኑ እህልና ብር የሚመዘንበት ነበር፤ ዛሬ ግድግዳችን ላይ የተሰቀለው ቆጣሪም ሚዛን ነው። ቆጣሪ አስነክቶ የሚሠርቅና ከተከራይ አትርፎ የሚበላ በአንድ ፍርድ ሥር ናቸው። ታሪፍ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ይህ ፈተና ይበረታል። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከዋናው ቆጣሪ ሥር ለየተከራዩ ትንሽ ቆጣሪ ማስገባት ይቻላል። ይህ ካልተቻለ ሂሳቡን ለተከራዮች በግልጽ አሳይቶ በእኩልነት መካፈል ነው። ጣሪያው ላይ ሶላር የሰቀለ ክርስቲያን አከራይም መብራት በጠፋ ጊዜ ለተከራዩ ልጅ አንዲት አምፖል ቢዘረጋላት ምን ይጎድልበታል? ፀሐይዋን ለክፉዎችም ለበጎዎችም የሚያወጣው አባታችን (ማቴ 5፥45) ለእርሱ ሲያወጣለት መቼ አስከፈለው?

ገና ያልበራለት ጎረቤት

እኛ መብራት ጠፋ ብለን ስናማርር፣ ከአገራችን ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው ጨርሶ መብራት የለውም። በብዙ ገጠር ቤት አሁንም ኩራዝ ይበራል። ላምባው ይሸታል፤ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ተማሪዋ ደብተሯን ወደ እሳቱ አስጠግታ ታነባለች። ለዚያች ልጅ የሚያስፈልጋት ትልቅ ፓነል አይደለም። ቀን ፀሐይ ላይ የምትሞላ፣ ማታ የምታበራ ትንሽ የሶላር ፋኖስ ትበቃታለች።

ጌታችን አምስት ሺህ ሰው ካጠገበ በኋላ የተረፈው ቁርስራሽ እንዳይባክን እንዲሰበሰብ አዘዘ (ዮሐ 6፥12)። እንጀራን ማብዛት የሚችል ጌታ ስለ ቁርስራሽ መጨነቁ ይገርመኛል። የኃይሉ ብዛት ለብክነት ምክንያት አልሆነውም። እኛም ግድብ ስላለን እናባክን፣ ገንዘብ ስላለን እናቃጥል ማለት አንችልም። ቁርስራሹ ሲሰበሰብ ደግሞ ለሌላው ይተርፋል።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከስህተቷ በኋላ ያደረገችውን ልንገራችሁ። የአዳር ጸሎቱን ያለ ሞንታርቦ አደረግን፤ ጥቂት ኤል ኢ ዲ አምፖልና የራሳችን ድምፅ ብቻ። መጀመሪያ አንዳንዶች አጉረመረሙ። ጸሎቱ ግን አልቀነሰም፤ እግዚአብሔር ለመስማት ማጉያ አያስፈልገውምና። ጎረቤቶቻችንም ሌሊት መተኛት ጀመሩ። አንዱ መጥተው አመሰገኑን፤ ለዓመታት ከእኛ ጋር ተኳርፈው የነበሩ ሰው ናቸው። ከዚያ ለመብራትና ለእሑድ ጠዋት ብቻ የሚበቃ አንድ ሊቲየም ባትሪ ቆጥረን ገዛን። እስካሁን ይሠራል። ከነዳጅ የተረፈውን ደግሞ በገጠር ላለች አንዲት አጥቢያ የሶላር ፋኖስ ገዛንበት።

ፋኖሶቹ በተላኩ ጊዜ እኚያን እንቁላል ሸጠው የሰጡ እናት ጠርቼ አሳየኋቸው። አንዱን አብርተው አጠፉት፤ ደግመው አበሩት። "ይኸኛውን ጠይቃችሁ ነው የገዛችሁት?" አሉኝ። "አዎ እማማ፣ ጠይቀን ነው" አልኋቸው።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ማታ መብራት ቢኖርም ባይኖርም ወረቀትና እስክሪብቶ አንሡ። በቤታችሁ ያለውን ዕቃ ሁሉ ዋቱን ጻፉ፤ ያለ ሥራ የሚበራውን አጥፉ፤ ተከራይ ካላችሁ ሂሳቡን አሳዩት። በወሩ መጨረሻ ከተረፈው ላይ ገና ያልበራለትን አንድ ቤት አስቡ።

ጌታ ታማኝ መጋቢዎች ያድርገን። አሜን።